በከዚራ የነበረው አሮጌ ሲኒማ ቤት መቼና በማን ተሠራ?

የደቻቱ ማዶ (ጠያቂ)፦

እንደምን ሰነበታችሁ። በድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ዛሬ የሸቀጥ መጋዘን ሆኖ የሚያገለግል፣ ቀድሞ ግን ሲኒማ ቤት የነበረ አንድ አዳራሽ አለ። አሁን ቤቱን የያዙት ሰዎች ሳይፈቅዱልኝ ስሙንና ቦታውን በአደባባይ መጻፍ ስላልፈለግሁ እዚህ አልጠቅሰውም። የሰፈሩ ልጅ የሆነ ሰው ከገለጻዬ ሊያውቀው ይችላል፤ ቢያውቀውም ለጊዜው እንዳይጠራው እለምናለሁ።

የአዳራሹን ታሪክ ለመጻፍ አስቤ ሽማግሌዎችን ስጠይቅ ያገኘኋቸው መልሶች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። አንዱ «ጣልያን የሠራው ነው» ይሉኛል፤ ሌላው «ከጣልያን በፊት አንድ የግሪክ ነጋዴ ያሠራው ነው» ይላሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ በጃንሆይ ዘመን፣ እሳቸው ልጅ ሳሉ፣ ግንበኞች ሲሠሩት በዓይናቸው እንዳዩ ይምላሉ። የተዘጋበትም ጊዜ እንዲሁ አከራካሪ ነው፤ ግማሹ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ይላል፣ ግማሹ ቪዲዮ ሲመጣ ይላል።

ገብቼ ያየሁትን ልግለጽ። ወለሉ ከበሩ ወደ መድረኩ ቁልቁል ይወርድ የነበረ ሲሆን ኋላ በሲሚንቶ ተሞልቶ ተስተካክሏል፤ የቀድሞው ተዳፋት መስመር በግድግዳው ግርጌ አሁንም ይታያል። ከመግቢያው በላይ፣ ከውጭ በኩል በብረት ደረጃ ብቻ የሚደረስባት ጠባብ ክፍል አለች። የዚህች ክፍል ግድግዳ ከሌላው የቤቱ ግድግዳ ይወፍራል፤ ወደ አዳራሹ የሚያዩ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏት፤ በሁለቱ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀቡ የብረት ክዳኖች ከላይ ወደ ታች በሚንሸራተቱበት ሐዲድ ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ቀርተዋል። ጣራዋ ላይ ሁለት የቆርቆሮ ጭስ መውጫዎች አሉ። ከፊት ለፊት ያለው የመድረክ ቅስት ደግሞ ግራና ቀኙ ተሰብሮ እንዲሰፋ መደረጉ ያስታውቃል፤ የተሰበረው ቦታ ልስኑ ከሌላው ጋር አይገጥምም። ከእነዚህ ምልክቶች ተነሥቶ የቤቱን ዕድሜ መገመት ይቻል እንደ ሆነና የጽሑፍ ማስረጃ የት ሊገኝ እንደሚችል የምታውቁ ብትረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መምህር ከመጋላ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል። በመጀመሪያ ግን ስለ «ጣልያን ሠራው» የምለው አለኝ። በከተማችን ግድግዳው የወፈረ፣ መስኮቱ የረዘመ ቤት ሁሉ ለጣልያን ይሰጣል፤ ይህ ግን የከዚራን ታሪክ መርሳት ነው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ በተራራው ምክንያት ወደ ሐረር መውጣት ስላልቻለ ከሥሩ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ የከዚራን ቀጥ ያሉ መንገዶች የቀየሱትም የባቡር ኩባንያው ሰዎች ናቸው። ጣልያን ድሬዳዋ የገባው በግንቦት 1928 ዓ.ም. ሲሆን የወጣው በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ነው፤ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ከዚያ በፊት በነበሩት ከሠላሳ በላይ ዓመታት ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመኑ ሱቁንም ሆቴሉንም መጋዘኑንም ሲሠራ ኖሯል። ስለዚህ ማስረጃ እስኪገኝ ድረስ የግሪኩ ወሬ ከጣልያኑ ወሬ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ጣልያን ሠርቶት ከሆነ ግን ምልክት መተው ልማዱ ነበር። በሕንፃ ላይ ሲጽፍ ከአውሮፓው ዓመት ጎን በሮማውያን አኃዝ የፋሺስት ዘመን ቁጥር ያኖር ነበር፤ ይህ ቁጥር የሚጀምረው ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ነው። በበሩ አናት ወይም በማዕዘን ድንጋዩ ላይ ከተደራረበው ቀለም ሥር በሮማውያን አኃዝ 15 ቢገኝ፣ ቤቱ ከጥቅምት 1929 እስከ ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ባለው ጊዜ እንደ ተሠራ ይናገራል። ከነጻነት በኋላ እንዲህ ያሉ ጽሑፎች በብዙ ቦታ ተፍቀዋል ወይም ተለስነዋል፤ ስለዚህ ልስኑ ለብቻው ያበጠ ወይም የተለየ ቦታ ካለ በጠዋት ፀሐይ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው፣ ተመልከተው።

ቤቱ ሁለት በር ያለው ሆኖ ብታገኘው ግን ይህን እንደ ማስረጃ አትያዝ። ጣልያን በዘር መለያየት ፖሊሲው የነጭንና የሐበሻን ሲኒማ ይለይ ስለ ነበር «አንዱ በር ለጥቁር ነበር» የሚሉ ሰዎች ታገኛለህ፤ ነገር ግን በጃንሆይ ዘመን የተሠሩ ሲኒማ ቤቶችም የሰገነቱንና የምድሩን ተመልካች በዋጋ ለይተው በተለያየ በር ያስገቡ ነበር።

የጽሑፍ ማስረጃን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን የምጀምረው ከኋላ ወደ ፊት ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የወጣው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ቤቶች ለቀበሌ ሲሰጡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ። ይህን የሚያህል አዳራሽ በ100 ብር ይከራይ ነበር ብሎ ማሰብ ስለሚያስቸግር ቀበሌ ሄደህ ከመድከምህ በፊት የኪራይ ቤቶችን መዝገብ ጠይቅ። ቤቱ የተወረሰ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ስም በዚያ መዝገብ ላይ ይኖራል፤ ስሙ ከተገኘ ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። ቀጥሎ አዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። እዚያ የአዲስ ዘመን ጋዜጣን የቆዩ ቅጾች ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ማገላበጥ ይቻላል፤ ድካሙ ብዙ ቢሆንም የክፍለ ሀገር ወሬዎቹ አልፎ አልፎ የሚያስገርም ነገር ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሽማግሌዎችን ስትጠይቅ የዓመተ ምሕረቱን ነገር አጥብቀህ ያዝ። የባቡሩ ኩባንያ መዝገብና ደብዳቤ በፈረንሳይኛና በአውሮፓ አቆጣጠር ይሠራ ስለ ነበር የሽመንደፈር ሠራተኛ የነበረ ሰው «በሃምሳ ዓመተ ምሕረት» ሲልህ የትኛውን ሃምሳ ማለቱ እንደ ሆነ ሳትጠይቅ አትለፍ። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ቤቱን ከእንግሊዞች ጊዜ ወደ ጃንሆይ ጊዜ፣ ከጃንሆይም ወደ ደርግ ዋዜማ ሊያሻግረው ይችላል።

የድሮ ኦፕሬተር፦

ልጄ፣ እኔ በጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ረዳት ሆኜ ገብቼ እስከ ደርግ ጊዜ ድረስ በምሥራቅ ከተሞች ፊልም ያጫወትሁ ሰው ነኝ። የምትለውን ቤት የማውቀው ይመስለኛል፤ እንዳልከው ስሙን አልጠራም። መምህሩ ስለ መዝገብ የነገሩህ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ የገለጽካት ክፍል ራሷ መዝገብ ናትና እሷን ላንብብልህ።

ግድግዳዋ የወፈረው፣ በሯ ወደ ውጭ የሆነው፣ ቀዳዳዎቿ የብረት ክዳን ያላቸው በእሳት ፍራቻ ነው። የጥንቱ ፊልም ናይትሬት ከሚባል ነገር የተሠራ ነበር፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ኦክስጅኑን ከራሱ ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥ ቢነክሩትም መንደዱን አይተውም። ስለዚህ ክዳኖቹ በሽቦ ተንጠልጥለው በሽቦው መሐል ቶሎ የሚቀልጥ ማያያዣ ይደረጋል፤ እሳት ሲነሣ ማያያዣው ቀልጦ ክዳኑ በራሱ ይወድቅና እሳቱም ጭሱም ወደ ሕዝቡ ሳይደርስ ይታገታል። ኦፕሬተሩ ደግሞ በውጭው ደረጃ ያመልጣል፤ ማምለጫ ጊዜ ካገኘ። ኮዳክ ናይትሬት ፊልም መሥራት ያቆመው በ1951 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሲሆን ከዚያ ወዲህ የመጣው ፊልም በቀላሉ የማይነድ ነው። ክፍሏ እንዲህ ተጠንቅቀው የሠሯት ከሆነች፣ ሠሪዎቿ ናይትሬትን የሚያውቁና የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ሁለቱ ጭስ መውጫዎች ሁለት ማሽን እንደ ነበረ ይነግሩሃል። መብራታችን አምፖል አልነበረም፤ እንደ እርሳስ ያሉ ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ተቀራርበው ኤሌክትሪኩ በመካከላቸው ሲዘል የሚፈጠር ነጭ ነበልባል ነው። ዘንጎቹ እየነደዱ ስለሚያጥሩ በጥቁር መስተዋት እያየህ ክፍተታቸውን ስታስተካክል ታመሻለህ። ትንሽ ከዘነጋህ ሥዕሉ ይቢጫል፣ ከዚያ ይጨልማል፣ ከታች ፉጨቱ ይቀጥላል። ጭሱ የሚወጣው በእነዚያ ቆርቆሮዎች ነው። በድሬዳዋ ሙቀት፣ በሁለት የነበልባል ቤት መካከል፣ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ ሸሚዝ ለብሶ የሠራ ኦፕሬተር አላውቅም።

አራቱ ቀዳዳዎች ሁለት ለብርሃኑ፣ ሁለት ለእኛ ዓይን ናቸው። ሁለት ማሽን ያስፈለገበት ምክንያት ይህ ነው፦ ፊልሙ በሰከንድ 24 ሥዕል፣ በደቂቃ ከ27 ሜትር በላይ ይሮጣል። ትልቁ ጥቅል 600 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከ22 ደቂቃ አያልፍም። የሦስት ሰዓት የሕንድ ፊልም ወደ 5 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው፤ በስምንትና በዘጠኝ ጥቅል ተከፋፍሎ ይመጣል። አንዱ ማሽን ሲያልቅ ሌላው መቀበል አለበት። መቀበያውን የምናውቀው በሥዕሉ የላይኛው ቀኝ ማዕዘን ላይ ብልጭ በምትል ነጥብ ነው፤ የመጀመሪያዋ ስትታይ የሁለተኛውን ማሽን ሞተር ታስነሣለህ፣ ሰባት ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሁለተኛዋ ስትመጣ አንዱን ዘግተህ ሌላውን ትከፍታለህ። ሕዝቡ ከታች የባቢሌ ለውዙን እየፈለፈለ ምንም ሳያውቅ ካለፈ ሥራህን በደንብ ሠርተሃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕድሜው ልምጣ። የጥንት ሲኒማ ቤቶች አንድ ማሽን ብቻ ይዘው፣ በየጥቅሉ መብራት እያበሩ ያሳዩ ነበር። ስለዚህ አራቱን ቀዳዳዎች በእጅህ ዳስሳቸው። አራቱም ከግንቡ ጋር አብረው የተሠሩ ከሆነ ጠርዛቸው አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ሁለቱ በኋላ በመሮ የተፈለፈሉ ከሆነ ውስጣቸው ሸካራ፣ ልስናቸውም የተለየ ይሆናል። ሁለቱ የተጨመሩ ሆነው ካገኘሃቸው ቤቱ ወደ ጥንቱ ያደላል፤ የግሪኩ ነጋዴ ወሬም ክብደት ያገኛል።

የተሰበረው ቅስት ደግሞ ሲኒማስኮፕ ነው፣ አልጠራጠርም። ከ1953 እ.ኤ.አ. በፊት የነበረው ሥዕል ወርዱ ከቁመቱ ብዙ አይበልጥም ነበር፤ ሲኒማስኮፕ ሲመጣ ግን ወርዱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ባለ ሲኒማ ቤቶች ሁሉ ወይ ቅስቱን ሰብረው ማስፋት፣ ወይ አዲሱን ሸራ ከቅስቱ ፊት መስቀል ነበረባቸው። ስለዚህ ቤቱ ከ1946 ዓ.ም. በፊት ቆሞ ነበር፤ ያሰፉት ከዚያ በኋላ ነው። ሦስተኛው ሽማግሌህም አልዋሹም፤ ልጅ ሆነው ግንበኞች ሲሠሩ ያዩት ይህን የማስፋት ሥራ ይሆናል።

ለመዘጋቱ ተጠያቂው ቪዲዮ ነው። እኔ በነበርሁበት ቤት ቪዲዮ ቤቶች በየሰፈሩ ከተከፈቱ በኋላ የቅዳሜ ማታ ወንበር እንኳ አይሞላም ነበር።

ለገሃሬ፦

ጋሼ፣ ስለ ክፍሏ የጻፉት ትምህርት ሆኖልኛል፤ በመጨረሻው ላይ ግን አልስማማም። ቪዲዮ የመጣው ሲኒማ ቤቶቻችን ከተዳከሙ በኋላ ነው። አባቴ ባቡር ላይ ይሠራ ስለ ነበር ነገሩን ከእሱ ወገን ልንገራችሁ። የፊልም ጣሳዎች ወደ ድሬዳዋ የሚመጡት በባቡር ነበር፤ ሊቶሪናው (የመንገደኛው ባቡር) ሲገባ ጣቢያው ላይ ጣሳ የሚጠብቅ የሲኒማ ቤት ልጅ አይጠፋም ነበር። አንድ ቅጂ ለብዙ ከተማ ስለሚዳረስ አንዱ ጋ ከዘገየ ሁሉም ጋ ይዘገያል።

በ1969 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የሐዲዱ ድልድዮች ፈረሱና ባቡሩ ለብዙ ወራት ቆመ፤ በነሐሴ ደግሞ ከተማዋ ራሷ የጦር ግንባር ሆነች። ከዚያም በፊት ሆነ በኋላ ሰዓት እላፊ ነበረ፤ ሰዓት እላፊ ባለበት የማታ ፊልም የለም፣ የማታ ፊልም ከሌለ ደግሞ በድሬዳዋ ሲኒማ ቤት ምን ቀረው? በዚህ ሙቀት በስምንት ሰዓት ቀን አዳራሽ የሚገባ ሰው የለም። ለኪሳራ የዳረገው ይህ ነው። ካርቦኑና መለዋወጫው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ደግሞ የቀረውን ጨረሰው።

ቪኤችኤስ የተባለው ካሴት በጃፓን ለገበያ የቀረበው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጦርነቱ ሲነሣ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም። ቪዲዮ በእኛ ሰፈሮች የተስፋፋው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ዴኩም ካሴቱም በኮንትሮባንድ ከጅቡቲ ይገባ ስለ ነበር ከሌላው ከተማ ቀድሞ እኛ ዘንድ ረከሰ፤ ይህን አልክድም። ጠያቂው ግን «መቼ ተዘጋ» ብሎ አንድ ቀን ከሚፈልግ «ስንት ጊዜ ተዘግቶ ተከፈተ» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል። በጦርነቱ ጊዜ ተዘጋ የሚሉትም፣ በቪዲዮ ጊዜ ተዘጋ የሚሉትም ያዩትን ነው የሚናገሩት።

የድሬ ልጅ፦

እኔ ታሪክ አላውቅም፣ ግን አቦ፣ የሕንድ ፊልሙን አትርሱት። አያቴ አንድ ቃል ሕንድኛ ሳትናገር ዘፈኖቹን ከነግጥማቸው ታውቃለች። ከጎኗ የተቀመጠ ሰው ታሪኩን ጮክ ብሎ ይተረጉም ነበር ትላለች፤ አክተሩ ሲመታ ሁሉም ይነሣል፤ የመን ሰፈር ሰው ደግሞ የግብፅ ፊልም ሲመጣ ብቻ ነው ቤተሰቡን ይዞ የሚመጣው። ሽማግሌዎቹን ስትጠይቅ መቼ ተሠራ ብቻ አትበል፤ ምን አየህ፣ ከማን ጋር ገባህ ብለህም ጠይቅ። ዓመተ ምሕረቱን የረሳ ሰው ያየውን ፊልም አይረሳም፤ ፊልሙ የወጣበት ዓመት ደግሞ ይታወቃል።

የደቻቱ ማዶ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ባሉኝ መሠረት ትናንት የመጋዘኑን ጠባቂ አስፈቅጄ ክፍሏ ውስጥ ገባሁ። ከአራቱ ቀዳዳዎች ሁለቱ፣ ክዳን ያላቸው ናቸው፣ ጠርዛቸው የተስተካከለና ከግንቡ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ በውስጥ በኩል ሸካራ ናቸው፤ አንደኛው እንዲያውም ክብ መሆን ሲገባው ወደ አንድ ጎን ተንጋድዷል። የክዳን ሐዲድም አልተሠራላቸውም። ስለዚህ ቤቱ መጀመሪያ በአንድ ማሽን ሥራ እንደ ጀመረ ለማመን ዝግጁ ነኝ። ከበሩ አናት ያለውን ልስን በጠዋት ብርሃን ተመለከትሁት፤ የጽሑፍ ምልክት አላገኘሁበትም። የኪራይ ቤቶችን መዝገብ ለማየት ማመልከቻ እጽፋለሁ።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ግን አለ። በክፍሏ ጥግ፣ ከአሮጌ ጆንያ ሥር፣ ሦስት የዛጉ የፊልም ጣሳዎች አሉ። አንዱን ትንሽ ከፈት ሳደርገው ኃይለኛ ሽታ ወጣና መልሼ ዘጋሁት። ቤቴ ወስጄ ላስቀምጣቸው አስቤ ነበር፤ ጠባቂውም ከፈቀደልኝ ፊልሙን ዘርግቼ ፎቶ ላነሣው እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የድሮ ኦፕሬተር፦

ልጄ፣ ቤትህ አትውሰዳቸው፤ አትዘርጋቸውም። ሽታው የኮምጣጤ ከሆነ ፊልሙ ከናይትሬት በኋላ የመጣው ዓይነት ሆኖ በሙቀት እየተበላሸ ነው ማለት ነው፤ እሱ አይፈነዳብህም። ነገር ግን ሽታው ሌላ ዓይነት የሚያቃጥል ሆኖ፣ ፊልሙም ቡናማ ሆኖ ተጣብቆ ወይም በጣሳው ውስጥ ዱቄት አፍስሶ ካየህ ናይትሬት ነው። የተበላሸ ናይትሬት በ41 ዲግሪ ሙቀት ብዙ ከቆየ በራሱ ሊነሣ ይችላል፤ በግንቦትና በሰኔ በዚያች ቆርቆሮ ሥር ያለው ሙቀት ከዚያ እንደማያንስ እኔ በላቤ አውቀዋለሁ።

ለመለየት የፊልሙን ጫፍ ብቻ፣ ከቀዳዳዎቹ ውጭ ያለውን ጠርዝ፣ በቀን ብርሃን ተመልከት፤ «ሴፍቲ» የሚል በእንግሊዝኛ ፊደል ከተጻፈበት ብዙውን ጊዜ በቀላሉ የማይነደው ዓይነት ነው። የኮዳክ ፊልም ከሆነ በዚያው ጠርዝ ላይ ክብ፣ አራት ማዕዘን ወይም ሦስት ማዕዘን ምልክቶች ይኖራሉ፤ እነሱ ፊልሙ የተመረተበትን ዓመት ያመለክታሉ፤ ሆኖም በየሃያ ዓመቱ ስለሚደጋገሙ ከሌላ ማስረጃ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። ያ ዓመት የፊልሙ እንጂ የቤቱ አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ በዚያ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ይሠራ እንደ ነበረ ይመሰክርልሃል። አንዳንድ ሰው ቁራጭ ቆርጦ በክብሪት ይሞክራል፤ ይህን በምንም ምክንያት እንዳታደርግ። ጽሑፉን ካላገኘህ ወይም ከተጠራጠርህ ናይትሬት እንደ ሆነ ቁጠረው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንዳይጠጋ ለጠባቂው ንገረው፤ ጣሳዎቹ ካሉበት ዕቃው ሁሉ ይራቅ፤ ከዚያም ባለቤቶቹ ለከተማው እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ያስታውቁ። ማንሣቱን እነሱ ይሥሩት፤ ፎቶውን ጣሳዎቹ ከተነሡ በኋላ ታነሣለህ።